ቦዲዋ ከተቀየረ መኪናዋ ያቺው ናት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ የስፖርት መኪኖች

በዚህ ዙር አራት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር ስጽፍ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት የ1972 ኤም ጂ ቢ የምትባለውን የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ገዛሁ፣ ባለ ሁለት ወንበሯን ክፍቷን። 4,500 ዶላር ከፈልኩ። ሞተሯ ይሠራል፣ ቀለሟም ከሩቅ ያምራል። ምንጣፉን ሳነሳ ግን ወለሉ በዝገት ተበልቶ አስፋልቱ ይታያል። የሹፌሩ በርም ካልተነሳ አይዘጋም። ያሳየሁት ጋራዥ ‹ይሄን ከምትጠግን አዲስ ቦዲ አዝዘህ ሞተሩንና ሌላውን ዕቃ ወደሱ ብታዛውር ይሻልሃል› አለኝ። አጎቴ ደግሞ ‹ቦዲውን ከቀየርክማ ያቺ መኪና የለችም፣ ሌላ መኪና ነው የሠራኸው› ብሎ ሞገተኝ። ማን ነው ልክ?»

መልስ

ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፣ ያውም በ10 ሚሊዮን ፓውንድ መኪና። ስለ ወለልህና ስለ በርህ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን የዚያችን መኪና ታሪክ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የኔ መልስ የሚነሳው ከዚያ ነው።

መኪናዋ ቤንትሊ ናት። ስፒድ ሲክስ የሚባለው ሞዴል፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ስድስት ተኩል ሊትር ሞተር። «ኦልድ ነምበር ዋን» ይሏታል፣ አሮጌዋ ቁጥር አንድ እንደማለት ነው። በ1929 ፈረንሳይ አገር በሚካሄደው የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ዉልፍ ባርናቶና ቲም በርኪን እየተፈራረቁ ነድተው አሸነፉባት። በዚያ ዓመት ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ሁሉም ቤንትሊዎች ነበሩ። በ1930 ባርናቶ ከግሌን ኪድስተን ጋር እሷኑ ይዞ ተመለሰና ደገመው። ባርናቶ ደግሞ ነጂ ብቻ አልነበረም፤ የቤንትሊ ኩባንያ ሊቀመንበር ነው፣ ኩባንያው እንዲቆም ገንዘቡን ያወጣውም እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የውድድር መኪና ይሰበራል፣ ይጠገናል፣ ለሚቀጥለው ውድድር የተሻለ ዕቃ ይገጠምለታል። ማንም «ይሄ ቁራጭ አንድ ቀን ታሪክ ይሆናል» ብሎ አያስቀምጥም። ኦልድ ነምበር ዋንም እንደዚያው፤ ስትፈታ ስትገጠም ኖረች። በ1932 ለንደን አጠገብ በነበረው የብሩክላንድስ መወዳደሪያ ለ500 ማይል ውድድር ስትቀርብ 8 ሊትር ሞተር ተጭኖባት ነበር። ብሩክላንድስ መታጠፊያው ላይ እንደ ሳህን ጠርዝ ወደላይ የተነሳ ትራክ ነው። ክላይቭ ደንፊ እየነዳት ሳለ ጎማዋ ከጠርዙ አለፈና ከነመኪናው ወደ ውጭ ወደቀ። ሕይወቱም አለፈ። መኪናዋ ተሰባበረች። ባርናቶ ግን አልጣላትም። እንደገና አሠርቶ ጣሪያ ያላት የመንገድ መኪና አደረጋት። ከዚያም ከባለቤት ወደ ባለቤት ተላለፈች፣ በኋላም ወደ ውድድር መልኳ ተመለሰች።

በ1990 ባለቤቷ ለአንድ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጣት ተስማማ። ያኔ የአሮጌ መኪና ዋጋ ሰማይ የነካበት ሰዓት ነው። ገዢው ግን ቆይቶ «ይቺ ያቺ የሌ ማኗ መኪና አይደለችም፣ ከ1929 የቀረ ነገር የላትም» ብሎ ወደኋላ አለ። ሻጩ ከሰሰ። ባለሙያዎች መጥተው እያንዳንዱን ብረት አንድ በአንድ መረመሩ። በእርግጥም ከ1929 የተረፈው እዚህ ግባ የማይባል ጥቂት ነገር ነው። ገዢው በዚህ የሚያሸንፍ ይመስላል፣ አይደል?

አላሸነፈም። ዳኛ ኦቶን የፈረዱት ለሻጩ ነው። ነገሩን በሁለት ቃል ለያዩት። መኪናዋ «ኦሪጅናል» ናት ወይ? አይደለችም፤ በ1929 ከፋብሪካ እንደወጣች ስላልቆየች ይሄ ቃል አይገባትም። እውነተኛዋ ኦልድ ነምበር ዋን ናት ወይ? አዎ ናት። ለምን ቢባል፣ ዕቃዋ የተቀየረው በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ከ1929 እስከ 1990 አንዲት መኪና ሆና ሳትቋረጥ ኖራለች፣ ባለቤቶቿ ይታወቃሉ፣ «እኔ ነኝ ኦልድ ነምበር ዋን» ብላ ልትነሳ የምትችል ሌላ መኪናም በዓለም ላይ የለችም።

ይሄ ፍርድ ለፈረንጆቹ ትልቅ ክርክር ነው። ለእኛ ግን ያን ያህል እንግዳ አይመስለኝም። አገር ቤት ስንት ደብር አለ፣ ሕንፃው ሁለቴ ሦስቴ ፈርሶ የተሠራ? የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ፣ የጭቃው ግድግዳ በድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ በብሎኬት። ምእመኑ ግን «አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተተከለ» አይልም፣ ያው የአያቶቹ ደብር ነው፤ ታቦቱ ያው ነዋ። መኪናን ከታቦት ጋር እያስተካከልኩ አይደለም፣ ይቅር በለኝ። ግን አንድን ነገር «ያው ነው» የሚያሰኘው ግድግዳው ብቻ እንዳልሆነ እኛ ከልጅነታችን እናውቀዋለን።

እንግዲህ የመኪና መሠረቷ ምንድን ነው? እኔ ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ የደረስኩበት አንድ ነገር ነው፦ ያልተቋረጠ ታሪኳ፣ እሱም በወረቀትና በብረት ላይ ተጽፎ ሲገኝ። ማን ገዛት፣ ማን ሸጣት፣ መቼ ተጋጨች፣ ምን ተቀየረባት። ይሄ ካለ መኪናዋ አለች። ይሄ ከሌለ የምታብረቀርቅ ቆርቆሮ ናት።

አጎትህ ግን ዝም ብለው አልተሟገቱህም። ብረቱም ዋጋ አለው። ይሄን የምታሳይ ሌላ መኪና ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም እኔ በሙያዬ የማከብረው ጥገና እሱ ነው።

ጃጓር በ1963 እና 1964 ለውድድር ብቻ ብሎ ኢ ታይፕ ከሚባለው የስፖርት መኪናው 12 በአሉሚኒየም ቦዲ ሠራ። ከነዚህ አንዷ ፔተር ሊንድነር የሚባል የጀርመን ነጋዴና ነጂ ንብረት ነበረች። በጥቅምት 1964 ፓሪስ አጠገብ ሞንሌሪ በዝናብ ሲወዳደር ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨ። እሱም፣ የሌላው መኪና ነጂም፣ ከትራኩ ሠራተኞችም ሦስት ሰዎች ሞቱ። ፍርስራሹን የፈረንሳይ መንግሥት ለአሥር ዓመት ያህል ይዞት ቆየ። ከዚያ ሲለቀቅ ባለቤቶች ተቀያየሩ፣ በሷ ዕቃ ላይ ሌላ ቦዲ ተሠርቶ ተገጠመ፣ የተጨማደደው የድሮው ቦዲ ግን አልተጣለም ነበር። ብሪጅኖርዝ የሚገኝ አንድ የእንግሊዝ ጋራዥ ያንን የተጨማደደ አሉሚኒየም ወሰደ። ምስማሩን አንድ በአንድ ነቀለ፣ እያንዳንዱን ላሜራ ለብቻ ዘረጋ፣ ቀጠቀጠ፣ አቃና፣ መልሶ ሰፋ። 7,000 ሰዓት ፈጀ፣ ከዚህ ውስጥ 5,000ው ቦዲው ላይ ብቻ ነው። በ2011 ጨረሱት። አዲስ ላሜራ ቆርጠው ቢሠሩት ኖሮ በጣም ባጠረ ጊዜ ያልቅ ነበር። የደከሙት ሊንድነር የተቀመጠበት ብረት ራሱ እንዲመለስ ነው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ።

ኤም ጂ ቢ ለብቻው የሚነቀል ሻንሲ የላትም። ቦዲው ራሱ ነው ተሸካሚው። ከበሩ ሥር፣ እግርህን አንስተህ የምትገባበት ቦታ፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ የላሜራ ሳጥን አለ። ከውጭ የምታየው ሽፋኑን ነው፤ ውስጡ ሌላ ላሜራ አለ፣ ከመሃልም አንድ። ክፍት መኪና ጣሪያ ስለሌላት ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ሳጥን ላይ ነው። ውስጡ ሲበላ መኪናዋ መሃሏ ላይ ትጎብጣለች፣ በሩም አልዘጋ ይላል። ስለዚህ የበርህ ችግር ማጠፊያው ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ፈትሸው። በሩን ዝጋና ከላይ በበሩና በቦዲው መሃል ያለውን ክፍተት በጣትህ ለካው። ከዚያ በሹፌሩ በኩል ክሪኩን ከበሩ ሥር ደግፈህ ቀስ ብለህ አንሳ። ክፍተቱ ከጠበበ ወይም ከሰፋ፣ ሳጥኑ አልቋል ማለት ነው። ማግኔትም ያዝ። ከውጭ ያማረው ሽፋን ላይ ማግኔቱ ካልያዘ ስቱኮ ነው የተቀባልህ። ከወንበሮቹ ኋላም ክዳኑን አንስተህ እይ፤ ያንተ ዓመት መኪና ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ነበር የሚያስቀምጠው፣ ሳጥኖቻቸውም በአሲድና በውሃ ቶሎ ይበሰብሳሉ።

ወለል፣ የበር ሥሩ ሳጥን፣ የባትሪ ቤት፣ እነዚህ ሁሉ ለየብቻ ይሸጣሉ። ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤም ጂ ቢ ተሠርቷል፣ ስለዚህ ዕቃዋ እንደ ጉድ ነው። የተበላው ይሄ ብቻ ከሆነ ጥገን። አትቀይር። የሚሠራልህን ሰው ግን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ሳጥኑን ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ታስደግፈዋለህ ወይ?» አዎ ካላለህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። ሳይደገፍ ከተቆረጠ ቦዲው እንደ ጎበጠ ይበየዳል፣ በሩም ዕድሜ ልክህን አይዘጋም። እንዲህ ሆና የመጣችልኝ መኪና አለች፤ ባለቤቷ ያወጣውን ገንዘብ ነግሮኝ ዕንባው ሲመጣ አይቻለሁ። ብየዳውን ሁሉ መልሼ መቁረጥ ነበረብኝ።

ከፊት መስተዋቱ ሥር ያለው ማዕዘን፣ የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ፣ የፊት ተሸካሚዎቹ፣ እነዚህ ሁሉ አብረው ከበሰበሱ ግን ጋራዡ እውነቱን ነው። አዲሱ ቦዲም ርካሽ ቅጂ አይደለም። ከ1988 ጀምሮ በድሮው የፋብሪካ ማተሚያ ነው የሚታተመው፣ ላሜራው ልክ እንደዚያው ይገጥማል። እሱን ብታደርግ መኪናህ ያቺው ናት፣ በእኔ ዓይን። በአንድ ሁኔታ፦ ካልደበቅከው። ደረሰኙን አስቀምጥ። አሮጌው ቦዲ ከመጣሉ በፊት ዙሪያውን፣ ከሥርም፣ ከኮፈኑ ሥርም ፎቶ አንሳው። ስትሸጣት «በዚህ ዓመት አዲስ ቦዲ ገብቶላታል» ብለህ ጻፍ።

የሻንሲ ቁጥሩን ግን ማንም እንዳይነካብህ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የመኪና መለያ ቁጥርን መንቀል ወይም መቀየር ወንጀል ነው። ለጥገና የግድ ሲሆን የተፈቀደበት መንገድ አለ፣ ግን ጋራዡ በገዛ ፈቃዱ ቁጥሩ የተጻፈበትን ሰሌዳ ምስማሩን ነቅሎ ወደ አዲሱ ቦዲ ከለጠፈው ጣጣው ላንተ ነው የሚተርፈው። መጀመሪያ የግዛትህን የመኪና ምዝገባ ቢሮ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አድርግ። እንግሊዝ አገር ጌደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም የኤም ጂ ፋብሪካውን መዝገብ ይዟል። የሻንሲ ቁጥርህን ልከህ ስትከፍል ማረጋገጫ ወረቀት ይልኩልሃል፦ መቼ ተሠራች፣ ስትወጣ ቀለሟ ምን ነበር፣ ሞተሯ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ወደየት አገር ተላከች። ያንተ ቁጥር በ«ጂ ኤች ኤን 5» መጀመር አለበት። ጂ ማለት ኤም ጂ፣ ኤች የሞተሩ መጠን፣ ኤን ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና ነው። በኤን ፈንታ ዲ ካየህ ቁጥሩ ጣሪያ ካላት ከጂ ቲ የመጣ ነውና ደውልልኝ።

ቨርጂኒያ ስለሆንክ ደግሞ፣ መኪናህ 25 ዓመት ስላለፋት የአሮጌ መኪና ታርጋ ማውጣት ትችላለህ። ለትርዒት፣ ለመሰባሰቢያ፣ አልፎ አልፎም ለሽርሽር ነው የሚፈቅደው፣ ሥራ መመላለሻ አይሆንም።

ለአጎትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ጥያቄ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

«ሻጮች ‹ማቺንግ ነምበርስ› ብለው ዋጋ ይቆልላሉ። ምን ማለት ነው? እንዴትስ ማረጋገጥ እችላለሁ?»

መልስ

አገር ቤት ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፎ አይደል? ነገሩ ያው ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ሞተር፣ አንዳንዴም ካምቢዮው፣ አሁንም ላይዋ ላይ አለ ማለት ነው። ማረጋገጫው የሻጩ አፍ አይደለም፣ የፋብሪካው መዝገብ ነው። ወረቀቱን ይዘህ ሄደህ ሞተሩ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አስተያየው።

አስተውለህ እይ። እኔ ሶማሌ ተራ ሥራ ስለምድ አለቃዬ ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በጨርቅና በትንሽ ቤንዚን ጥረገው፣ ቀጭን ወረቀት ለጥፍበት፣ እርሳስ አጋድመህ ቀስ ብለህ እሸው። ዓይንህ የማያየውን ወረቀቱ ያወጣዋል። ፋብሪካው በአንድ መሣሪያ ስለሚመታው ፊደሎቹ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ናቸው። አንዱ ወደ ጎን ያዘመመ፣ ሌላው ጠልቆ የገባ ከሆነ፣ ወይም ከቁጥሩ ሥር የሞረድ ጭረት በእርሳሱ ከወጣ፣ ጥያቄ አለ። ያንን ወረቀት ቀኑን ጽፈህ ከመኪናዋ ፋይል ጋር አስቀምጠው፤ ኋላ ላይ ለሚገዛህ ሰው ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሞተሯ የተቀየረ ከሆነስ? አትሽሽ። ዋጋውን ቀንስ እንጂ። 8 ሊትር ሞተር ተጭኖባት የነበረችውን ቤንትሊ አስታውስ።

ጥያቄ ከአዲስ አበባ

«ወንድሜ አሜሪካ 1968 ሙስታንግ አለው፣ አድሶ ሊልክልኝ ይፈልጋል። ይሻላል ወይስ እዚሁ ይታደስ?»

መልስ

ወንድምህ አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ጉምሩክን ጠይቅ። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። መጀመሪያ ለዚህች መኪና የሚሆን ፈቃድ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ አግኝ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቀለም የሚወራው። «ይደርሳል፣ እኔ አስገባልሃለሁ» የሚልህን ደላላ አትመን። መኪናዋ ወደብ ላይ ከቀረች በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል።

በቀረጥ የተያዘ መኪና መጨረሻው ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ1925 የተሠራች ቡጋቲ፣ ብሬሻ የምትባለው ትንሿ የስፖርት መኪና፣ በ1930ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ማጆሬ ሐይቅ ዳር አስኮና ከተማ ቀረጧ ሳይከፈል ቀረ። ባለቤቱ ትቷት ሄደ። በሕጉ መሠረት የጉምሩክ ሰዎች ማጥፋት ነበረባቸው፣ በሰንሰለት አስረው ሐይቁ ውስጥ አወረዷት። ሰንሰለቱ ዝጎ ተበጠሰና 53 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኛች። በ1967 ጠላቂዎች አገኟት፣ ለብዙ ዓመትም የከተማው ጠላቂዎች እየሄዱ ይጎበኟት ነበር። በሐምሌ 2009 ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ብለው አወጧት። አንዱ ጎኗ ተበልቶ አልቋል፣ ጭቃ ውስጥ የተቀበረው ጎኗ ግን ቅርጹን ይዞ ነበር። በጥር 2010 ፓሪስ ላይ በጨረታ 260,500 ዩሮ ተሸጠች።

የገዛት የካሊፎርኒያ ሰብሳቢ ፒተር ማሊን አላደሳትም። ከነዝገቷ፣ ከነጭቃዋ ሙዚየሙ ውስጥ አቆማት። እኔ ይሄን ውሳኔ በጣም ነው የማከብረው። ቢያድሳት ከሌሎች ቡጋቲዎች አንዷ ትሆን ነበር፣ አሁን ግን ዓለም ላይ እሷን የምትመስል የለችም።

ወዳንተ ስመለስ፣ ፈቃዱ ከተገኘ እዚያው ይታደስ፣ ዕቃው እዚያ ነውና። ካልተገኘ ወንድምህ እዚያ ያቆያት፣ ስትሄድ ትነዳታለህ።

ጥያቄ ከፍራንክፈርት

«ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ነበረችው፣ በ1970ዎቹ የተሠራች፣ እሱ ካረፈ ወዲህ ከጋራዥ አልወጣችም። ልጄ ‹ሙሉ በሙሉ አሳድሰን፣ ቀይ ቀብተን እንሽጣት› ይላል። እኔ ግን እንደሱ ስትሆን የሱ መኪና አልመስል አለኝ።»

መልስ

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እርስዎ የተሰማዎት ልክ ነው፣ ለዋጋውም ቢሆን ልክ ነው።

ልጅዎ ቀለም ከመግዛቱ በፊት የባለቤትዎን ወረቀት ሁሉ ይሰብስቡ። የግዢውን፣ የጋራዥ ደረሰኞችን፣ የቴክኒክ ምርመራውን፣ አጠገቧ ቆመው የተነሱትን ፎቶ ሳይቀር። ብዙ ሰው አሮጌ ደረሰኝ ቆሻሻ ይመስለዋል። አንድ ደንበኛዬ ቤት ሲያጸዱ የአባታቸውን የ15 ዓመት የጥገና ደብተር ከካርቶን ጋር ጥለውት፣ መኪናዋን ስንሸጥ ያንን ለመመለስ የሚቻል ምንም ነገር አልነበረም። ከዚያ ደግሞ ከአልፋ ሮሜዮ ማህደር የትውልድ ማረጋገጫዋን ይጠይቁ፣ ስትወጣ ቀለሟ ምን እንደነበር ይነግርዎታል። ስትወጣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ከሆነች ቀይ መቀባት ገንዘብ ከፍሎ ዋጋ መቀነስ ነው።

ሳትታደስ የቆየች መኪና ዋጋዋን ታጣለች ብሎ ልጅዎ ከሰጋ፣ ይሄን ይንገሩት። ፌራሪ 250 ጂ ቲ ኦ የሚባለው መኪና 36 ብቻ ነው የተሠራው፣ ዛሬ በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር ነው የሚሸጠው፤ በ2018 አንዷ በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። ከነዚሁ 36ቱ አንዷ ግን በ1960ዎቹ ተወዳድራ ካበቃች በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ቪክቶሪያ ለሚባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጠች፣ ተማሪዎች መካኒክነት እንዲለማመዱባት። በ1972 ትምህርት ቤቱ በ6,500 ዶላር ሸጣት። የገዛት ሰው ኦሃዮ ወስዶ ሜዳ ላይ ተጎታች ጋሪ ላይ አቆማት፣ ዝናብና በረዶ እየወረደባት ዓመታት ቆየች። በ1980ዎቹ መጨረሻ የስዊዘርላንድ ሰብሳቢ ገዛት። ሜዳ ላይ ስትቀመጥ ቀለሟ ተጎድቷል፣ ማንነቷ ግን አልተነካም፤ የሻንሲ ቁጥሯም የነጂዎቿ ታሪክም ሙሉ ነበር።

ጀርመን ስላሉ አንድ ጥቅም አለዎት። መኪናዋ 30 ዓመት አልፏታልና፣ ገምጋሚ አይቶ «በመልኳ ተጠብቃለች» ካለ የታሪካዊ መኪና ታርጋ ታገኛለች፣ መጨረሻው ላይ ኤች ፊደል ያለውን። ግብሩ በዓመት 191.73 ዩሮ ነው። ገምጋሚው የሚፈልገው የዘመኗ መልክ መጠበቁን ነው፣ ማብረቅረቋን አይደለም። የተቀባ ቀለም ይፈቀዳል፣ ከዘመኗ ውጭ የሆነ ቸርኬና መሪ ግን ጣጣ ያመጣል።

ለልጅዎ የምሰጠው ሥራ ይሄ ነው። ቁልፉን አዙሮ ለማስነሳት አይሞክር፣ ስድስት ዓመት የቆመ ሞተር ደረቅ ነው። መጀመሪያ ባትሪዋን ይፍታ፣ አሮጌውን ቤንዚን ያውጣ። አራቱን ካንዴላዎች ነቅሎ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት አድርጎ፣ በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ያንጠባጥብ። ሁለት ቀን ይተወው። ከዚያ ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ ከሞተሩ ፊት ያለውን ትልቁን ብሎን በመፍቻ ይዞ በእጁ ቀስ ብሎ ያዙረው። ከዞረለት ይደውልልኝ፣ ቀጣዩን አብረን እንሠራለን። ካልዞረለትም እንዳያስገድደው፣ ያን ጊዜም ይደውልልኝ።

እርስዎም ያን ቀን አጠገቡ ይሁኑ። የሹፌሩ ወንበር ባለቤትዎ እንደተውት ይቆይ፣ ወደፊትም ወደኋላም አይገፋ፤ ፎቶ ሲያነሱ መጀመሪያ እሱን ያንሱ።